ዛሬ ቫው ሆላንድ ያረፈበት ቀን ነው፤ ስለ ጀርመኑ ሀከር እናውራ

ሽቦ ቀጣይዋ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባለፈው ሰሞን አንድ ወንድማችን «ሀከር ማለት በኮምፒውተር የሚሰርቅ ሌባ ነው» ብሎ ጽፎ ነበር። ብዙ ሰውም ተስማማ። መልስ ልጽፍ ጀመርኩና በሁለት መስመር የሚያልቅ ስላልሆነ ተውኩት። ዛሬ ጁላይ 29 ነው። ቫው ሆላንድ በ2001 ያረፈው በዚህ ቀን ነው። ያቆየሁትን መልስ በእሱ ታሪክ ልንገራችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የመዝገብ ስሙ ሄርቫርት ሆላንድ-ሞሪትዝ ነው። በ1951 ካሰል በምትባል የጀርመን ከተማ ተወለደ። ጢሙ የተንዠረገገ፣ ማንጠልጠያ ያለው ቱታ የማይለየው ሰው ነበር። ፎቶውን ብታዩ አናጢ ነው የምትሉት። የአማተር ሬዲዮ ሰውም ነበር። እንደሚመስለኝ ልቡን የሳበው ሩቅ ካለ ሰው ጋር መገናኘቱ ነው። ኮምፒውተሩ መንገድ ሆነለት።

በ1981 ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ታጌስሳይቱንግ በሚባለው የበርሊን ጋዜጣ አንድ አጭር ጥሪ ወጣ። ያወጡት ቫውና ጥቂት ጓደኞቹ ናቸው። ኮምፒውተር የምትነካኩ ሰዎች ሁሉ፣ በየቤታችሁ ለየብቻ መድከሙ ይብቃችሁና እንገናኝ ይላል። ቀኑ ሴፕቴምበር 12፣ ቦታው የጋዜጣው ቢሮ። የሚያወሩባቸውን ጉዳዮችም ደርድረዋል። ከነሱ አንዷን ባነበብኩ ቁጥር ደንገጥ እላለሁ። «የእኔ ዳታ የማን ነው?» ትላለች። 1981 እኮ ነው! ፌስቡክን የፈጠረው ልጅ ገና አልተወለደም።

ያ ስብሰባ ነው የካኦስ ኮምፒውተር ክለብ መነሻ። ካኦስ ማለት ትርምስ ማለት ነው። ዛሬ በአውሮፓ ትልቁ የሀከሮች ማኅበር እሱ ነው።

ዘመኑን ካላወቅን ሰውየውን አንረዳውም። ያኔ በምዕራብ ጀርመን ኮምፒውተር የመንግሥት፣ የባንክና የትልልቅ ኩባንያዎች ዕቃ ነበር። ሰው የሚፈራው፣ ቆጥሮ የሚመዘግብ ማሽን። በ1983 መንግሥት የሕዝብ ቆጠራ ላካሂድ ሲል አገሩ ተቃወመ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ሰው ስለ ራሱ የተሰበሰበ መረጃ ለማን እንደሚሰጥና ምን ላይ እንደሚውል የመወሰን መብት አለው ብሎ ፈረደ። በዚያ ጊዜ ለለውጥ የሚታገለው ወጣት አብዛኛው ኮምፒውተርን በጠላትነት ነበር የሚያየው። ቫው ግን ከሩቅ ሆኖ ከመርገም ቀርቦ ማወቅ ይሻላል ባይ ነበር። ከ1984 ጀምሮ ክለቡ የራሱን መጽሔት ማሳተም ያዘ። ስሟ ዳተንሽሎይደር ነው፤ የዳታ ወንጭፍ እንደማለት።

ሀከሮች የሚተዳደሩበት ደንብ ከአሜሪካ ነው የመጣው። እውቀት ለሁሉም ይከፈት፣ ሰው በሥራው እንጂ በዲግሪው አይመዘን የሚል። ጀርመኖቹ ሁለት ነገር ጨመሩበት። አንደኛው፣ በሰው ዳታ ውስጥ ቆሻሻ አትጣል። ሁለተኛው፣ የሕዝብ የሆነውን ዳታ ተጠቀምበት፣ የግል የሆነውን ጠብቅ። ይህችን ሁለተኛዋን በጀርመንኛ ቤት እየመታች ነው የሚሏት። እኔ ቫውን የምወደው በዚህች መስመር ነው። ሌባ የግሉንና የሕዝቡን አይለይም። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የተጨነቀው በዚህ ልዩነት ነው።

በሜይ 2001 ስትሮክ መታው። ሳይነቃ ቆይቶ ቢለፌልድ ከተማ አረፈ። 49 ዓመቱ ነበር።

የምታውቁትን ጨምሩበት። የማትስማሙም ጻፉ።

የማታ ተማሪ

እህቴ እናመሰግናለን፣ ቆንጆ አድርገሽ ነው የጻፍሽው። እኔ ኔትወርኪንግ እየተማርኩ ነው። በአንድ ቪዲዮ ላይ እነዚህ ልጆች ከሽንት ቤት ዕቃ ሞደም (ኮምፒውተርን በስልክ መስመር የሚያገናኝ ዕቃ) ሠሩ ሲባል ሰምቼ ቀልድ መስሎኝ ነበር። እውነት ነው እንዴ? እንዴት ሆኖ ነው የሚሠራው?

ሽቦ ቀጣይዋ

እውነት ነው፣ ስሙም ዳተንክሎ ነው። የዳታ ሽንት ቤት!

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ የጀርመን ስልክ በሙሉ የመንግሥት ፖስታ ቤት ነበር። ሽቦውም፣ ስልኩም፣ ሞደሙም። ፖስታ ቤቱ ያልፈቀደውን ዕቃ መስመሩ ላይ መቀጠል ያስቀጣል። የተፈቀደው ሞደም ደግሞ ዋጋው አይቀመስም።

የድሮውን ስልክ እጀታ አስበው። ሁለት ጫፉ ላይ ክብ ክብ ያለው። በአንዱ ትሰማለህ፣ በአንዱ ትናገራለህ። ዳተንክሎው ከኮምፒውተሩ የመጣውን ዳታ ወደ ፉጨት ይቀይረዋል። ፉጨቱ ከትንሽ ስፒከር ወጥቶ በመናገሪያው በኩል ስልኩ ውስጥ ይገባል። ከወዲያ የሚመጣውን ፉጨት ደግሞ ማይክሮፎን ከመስሚያው ላይ ይቀበለዋል። ሽቦ ከሽቦ ጋር አይነካካም። ስልኩን አስተኝተህ እንዲያፏጭ ማድረግ ነው በቃ።

ችግሩ የቤቱ ጫጫታ ነው። በር ሲዘጋ፣ ሰው ሲያስል፣ የምትቀበለው ፊደል ይበላሻል። ስለዚህ የስልኩን ሁለት ጫፍ ግጥም አድርጎ የሚይዝ ጎማ ያስፈልጋል። ልጆቹ ጎማውን ያገኙት ከቧንቧ ዕቃ መደብር ነው። የሽንት ቤት ቧንቧ የሚጋጠምበት ጎማ ከጀርመኑ ስልክ ክብ ጋር ልክክ አለ። የቀረው ትንሽ ኤሌክትሮኒክስና ብየዳ ነው። አሠራሩንም ከነሥዕሉ አትመው በተኑት። ማንም ሰው ቤቱ ተቀምጦ መሥራት ይችል ነበር።

እንዲህ ያለ በድምፅ የሚሠራ ዕቃ በዚያ ጊዜ በሴኮንድ 300 ቢት ገደማ ነው የሚልከው፤ 30 ፊደል ያህል። አንድ ገጽ ደብዳቤ ለመላክ ከደቂቃ በላይ ትጠብቃለህ። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ ሲንጠባጠቡ እያየህ።

የባንክ ሰው

ልጄ፣ ጽሑፍሽን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ደክመሽበታል፣ ተባረኪ። ነገር ግን አንድ ነገር ዘለልሽ። እኔ 31 ዓመት ባንክ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ይህ ቫው የምትይው ሰው የሃምቡርግ ቁጠባ ባንክን ከመቶ ሠላሳ ሺህ ማርክ በላይ በአንድ ሌሊት ያራቆተ አይደለም ወይ? ይህን ደግሞ ምን ልንለው ነው? በእኔ ጊዜ አንድ ሳንቲም የጎደለበት ገንዘብ ያዥ ሌሊቱን ሙሉ ሲቆጥር ያድር ነበር።

ሽቦ ቀጣይዋ

ጋሼ፣ ትክክል ነዎት። ለብቻው ልጽፈው አስቤ ነው ያቆየሁት። እነሆ።

ፖስታ ቤቱ ቢቲኤክስ የሚባል አገልግሎት ነበረው። ዛሬ በኢንተርኔት የምናደርገውን በስልክ መስመርና በቴሌቪዥን የሚያስኬድ ነገር። ዜና ያነቡበታል፣ ዕቃ ያዙበታል፣ ባንክ ይገቡበታል። አንዳንዱ ገጽ ነፃ ነው፣ አንዳንዱ ያስከፍላል። የሚያስከፍል ገጽ ከከፈቱ ሂሳቡ ከስልክ ቢልዎ ጋር ይመጣል።

ቫውና ሽቴፈን ቨርኔሪ የሚባለው ጓደኛው ይህ ሲስተም ቀዳዳ አለበት ብለው ተናገሩ። ፖስታ ቤቱ አስተማማኝ ነው ማለቱን አልተወም። እነሱ እንደሚሉት ገጹ ላይ ከአቅሙ በላይ ጽሑፍ ሲሞላ ሲስተሙ የማይመለከታቸውን ነገር ያፈስ ነበር። በዚህ መሐል የባንኩ መለያና የይለፍ ቃል ስክሪናቸው ላይ መጣ።

ክለቡ የራሱ ገጽ ነበረው። አንድ ጊዜ ለመክፈት 9.97 ማርክ ያስከፍላል። በባንኩ ስም ገብተው ያንኑ ገጽ ደጋግሞ የሚከፍት ፕሮግራም አስነሱ። ኖቬምበር 1984፣ ቅዳሜና እሁድ ነው። ማሽኑ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሲቆም ባንኩ ላይ 134,694 ማርክ ከ70 ፌኒግ ተቆጥሯል።

ሰኞ ዕለት ምን አደረጉ? ወደ ሃምቡርግ የዳታ ጥበቃ ኃላፊ ዘንድ ሄደው በጋዜጠኞች ፊት ያደረጉትን ሁሉ ዘርግፈው ተናገሩ። ማታ በቴሌቪዥን ዜና ወጣ። ገንዘቡ ለባንኩ ተመለሰ። የባንኩ ሰውም ፖስታ ቤቱ አስተማማኝ ነው ብሎን ነበር፣ ስህተት ነበር ብሎ በይፋ ተናገረ። ባንኩ ልጆቹን ሳይሆን ፖስታ ቤቱን ነው የወቀሰው።

ጋሼ፣ የሚደበቅ ሌባ ሰኞ ጠዋት ስሙን ይዞ መንግሥት ቢሮ አይሄድም።

ቁጥር ወዳድ

ማሽን አውጥቼ አካፈልኩት። 134,694.70 ለ9.97 ሲካፈል ልክ 13,510 ነው። ሳይቀር ሳይተርፍ። ገጹ 13,510 ጊዜ ተከፍቷል ማለት ነው። ሂሳቡ እንዲህ ግጥም ማለቱ ደስ አለኝ፤ ከተወራው ቁጥር ላይ ማንም እንዳልጨመረበት ያሳያል።

የባንክ ሰው

ቁጥር ወዳድ፣ እንደ አንተ ያለ ልጅ እኔ ክፍል ቢኖር ኖሮ ስንት ሌሊት በተኛሁ።

ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ። ሽቦ ቀጣይዋ፣ የነገርሽኝን አልክድም። መመለሳቸው ትልቅ ነገር ነው። በጋዜጠኛ ፊት መናገራቸውም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ያ የይለፍ ቃል ከየት ተገኘ? አንቺ ሲስተሙ አፈሰሰው ብለሻል። ፖስታ ቤቱ ደግሞ ያኔ አላመነም፣ በሌላ መንገድ ነው የወሰዱት ባይ ነበር። ባንክ ውስጥ ገንዘቡ መመለሱ ብቻ አይበቃም። ቁልፉ እንዴት እጅህ ገባ ተብሎ ይጠየቃል። መሬት ላይ ወድቆ ያገኘ ሰውና ከጓደኛው ኪስ ያወጣ ሰው ሁለቱም ካዝናውን ሳይነኩ ቢመለሱ እንኳ አንድ አይደሉም።

ይህን የምለው ለመወንጀል አይደለም። ይህ ጥያቄ ሳይዘጋ ቀርቷል፣ ሳይዘጋ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ።

ሽቦ ቀጣይዋ

ተቀብያለሁ ጋሼ። እኔ ክለቡን አምናለሁ። ግን የእርስዎ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ጊዜ በጀርመን በኮምፒውተር የሚፈጸም ወንጀልን ለይቶ የሚቀጣ ሕግ አልነበረም። የወጣው በ1986 ነው። ክለቡም በዚያው ዓመት በሕግ የተመዘገበ ማኅበር ሆነ። ተደብቀን ከምንሠራ ስማችን ታውቆ በአደባባይ እንከራከር ማለታቸው ነው። ቫው የክለቡ ሽማግሌ የሆነውም በዚህ መንገድ ይመስለኛል።

ሰባተኛ በር

ሁሉንም ወርቅ አድርገን አንቀባው እንጂ። በዚያው ዘመን ሃኖቨር አካባቢ የነበሩ የጀርመን ሀከሮች የአሜሪካ ወታደራዊና የምርምር ኮምፒውተር ውስጥ እየገቡ ያገኙትን ለሶቪየቱ የስለላ ድርጅት ኬጂቢ ይሸጡ ነበር። የተነቃባቸው አስገራሚ በሆነ መንገድ ነው። ካሊፎርኒያ በርክሌይ የሚገኝ ላቦራቶሪ ውስጥ ክሊፎርድ ስቶል የሚባል የሥነ ፈለክ ሰው የኮምፒውተር አጠቃቀም ሂሳብ ሲያመሳክር 75 ሳንቲም ይጎድልበታል። በ1986 ነው። 75 ሳንቲም! ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር። እሱ ግን ወራት ፈጅቶ እየተከተለ ጀርመን ድረስ ደረሰባቸው። ጋሼ የባንክ ሰው ይህን ታሪክ ይወዱታል።

ከነሱ አንዱ ካርል ኮህ ነበር። 23 ዓመቱ። ራሱ ሄዶ ለባለሥልጣናት እጁን ሰጠ። በ1989 ጫካ ውስጥ ተቃጥሎ ሞቶ ተገኘ። ሀከርነት ጨዋታ ነው ብለው የገቡ ልጆች እንዲህም አልቀዋል። ስለ ቫው ስናወራ ይህን ልጅ መርሳት የለብንም።

ሽቦ ቀጣይዋ

ሰባተኛ በር፣ ልክ ነህ። የካርልን ታሪክ ሳነብ ሁሌም ልቤ ይሰበራል። የሕፃን ያህል ነበር።

ክለቡ ከስለላው ራሱን አርቋል። ለቫው ደግሞ ለስለላ ድርጅት ዳታ መሸጥ ደንቡን ከሥሩ መናድ ነው። ሆኖም ክለቡም ሳይነካ አልቀረም። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1987 የናሳ ኮምፒውተሮች የሚገናኙበት ኔትወርክ ውስጥ የገቡ ልጆች ነበሩ። ነገሩ ከአቅማቸው በላይ ሲሆን ፈርተው ወደ ክለቡ መጡ። ክለቡም ለባለሥልጣናትና ለጋዜጠኞች አሳወቀ። ምስጋናው ፍተሻ ሆነ። ሽቴፈን ቨርኔሪ በማርች 1988 ስለ ኮምፒውተር ደኅንነት ሊናገር ፓሪስ ሲሄድ ተያዘ። ሁለት ወር ያህል ታሰረ። ቀዳዳ አለ ብሎ የሚናገር ሰው ቀዳዳውን እንደፈጠረው ነው የሚታየው። ይህ ዛሬም አልተለወጠም።

ላይፕዚግ ነኝ

ከጀርመን ሰላም ለሁላችሁ። ክሩን ዘግይቼ ነው ያየሁት።

ክለቡ በየዓመቱ ጉባኤ አለው። የመጀመሪያው በ1984 ዲሴምበር ሃምቡርግ ውስጥ በአንድ የሰፈር አዳራሽ ነው የተደረገው፤ ከባንኩ ነገር አንድ ወር በኋላ። እስካሁን የሚደረገው በዲሴምበር መጨረሻ ነው፤ በቅርብ ዓመታት ከዲሴምበር 27 እስከ 30 ነው። በፈረንጆቹ ገናና በእኛ ገና መሐል። ጀርመኑ ቤተሰቡ ጋ በልቶ ጠግቦ ይመጣል፣ እኔ ጾሜን ይዤ እሄዳለሁ።

ከ2017 እስከ 2019 ላይፕዚግ፣ እኔ ከምኖርበት በትራም የሚደረስ ቦታ ነበር የሚካሄደው። በ2019 በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ሠራሁ። በጎ ፈቃደኞቹን መልአክ ነው የሚሏቸው። እኔን በር ላይ አቆሙኝ። የገረመኝን ልንገራችሁ። ትልቅ ኩባንያ የሚመራ ሰውና የ12 ዓመት ልጅ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲበይዱ አየሁ። ልጁ ነው የሚያሳየው። ሰውየው «ቆይ፣ ድገምልኝ» ይለዋል። ጥግ ላይ አንዲት አሮጊት ሹራብ ይሠራሉ።

ሌላው ፎቶ ነው። ማንንም ሳታስፈቅድ ማንሳት ነውር ነው። አንድ እንግዳ ስልኩን አውጥቶ አዳራሹን ሊቀርጽ ሲል አራት ሰው ባንድ ጊዜ ዞረበት። በጨዋነት ነው ግን። «መጀመሪያ ጠይቃቸው» አሉት። ሽቦ ቀጣይዋ ስለ ግል ዳታ የጻፈችው በወረቀት የተቀመጠ ነገር ብቻ አይደለም። እዚያ እያንዳንዱ ሰው ይኖርበታል። ቫውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ያን ዕለት ግን ያወቅኩት መሰለኝ።

በስሙ የተቋቋመ ድርጅትም አለ። ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2003 ነው የተመሠረተው። የመንግሥታትን ምሥጢራዊ ሰነድ ለሚያወጣው ዊኪሊክስ የሚላክ መዋጮ በዚያ በኩል ያልፍ ነበር። በ2010 ዲሴምበር በኢንተርኔት ገንዘብ የሚያስተላልፈው ፔይፓል የድርጅቱን አካውንት ሲዘጋው ዓለም ሁሉ የቫውን ስም ሰማ።

ሜሪላንድ ማዶ

ይህ ጉዳይ የጀርመኖች ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኛንም ነክቶናል።

በ2013 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ አንድ ሪፖርት አወጣ። ፊንስፓይ የሚባል የስለላ ሶፍትዌር የግንቦት 7 ሰዎችን ፎቶ ማጥመጃ አድርጎ ሲሠራጭ እንደነበር አሳየ። ፎቶው መስሎህ ስትከፍት ኮምፒውተርህ የሌላ ሰው ይሆናል። እዚህ ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ ይህ ነገር ቤቴ ገብቶ የስካይፕ ንግግሬን ቀድቷል ብሎ የኢትዮጵያን መንግሥት በ2014 አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ኪዳኔ በሚል መጠሪያ ነው የከሰሰው፣ ስሙን ለመደበቅ። በ2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እዚህ አገር የውጭ መንግሥት በዚህ አይከሰስም ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ያኔ ሰፈራችን ስልክ እንኳ በሹክሹክታ ሆኖ ነበር። እናቴ ኮምፒውተሩን ጨርቅ ታለብሰው ነበር።

አሁን ወደ ቫው ልምጣ። ያንን ሶፍትዌር ይሸጥ የነበረው ፊንፊሸር የሚባል የሙኒክ ኩባንያ ነው። በ2019 መጨረሻ ላይ ስለ ፊንፊሸር የቴክኒክ ምርመራ ሠርተው ለሕዝብ ያወጡት ደግሞ የካኦስ ክለብ ሰዎች ናቸው። በቱርክ ተቃዋሚዎች ላይ ስለዋለ ናሙና ነው የመረመሩት። ሥራቸው በኩባንያው ላይ የቀረበውን የወንጀል አቤቱታ አጠናከረ። በ2020 የሙኒክ ዐቃቤ ሕግና የጀርመን ጉምሩክ መርማሪዎች ቢሮዎቹን ፈተሹ። በ2022 ኩባንያው ከሰረ።

የሠራውም ጀርመን ነው፣ የገለጠውም ጀርመን ነው። እነዚያ ልጆች በ1981 «የእኔ ዳታ የማን ነው?» ብለው ባይጠይቁ ኖሮ፣ ያን ሶፍትዌር ፈታትቶ የሚያሳየን ማን ነበር? በ2011ም የራሳቸው ፖሊስ የሚጠቀምበትን የስለላ ፕሮግራም ፈትተው፣ ፍርድ ቤት ከፈቀደው በላይ እንደሚሠራ አሳይተዋል። የራሳቸውንም መንግሥት አልማሩም።

እናቴ ይህን አታውቅም። ዛሬ ማታ ደውዬ እነግራታለሁ።

ሽቦ ቀጣይዋ

ሜሪላንድ ማዶ፣ እናትህን ሰላም በልልኝ። ስለ ጨርቁ ያልከውን ደጋግሜ አነበብኩት።

የኮምፒውተር መምህርት

እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው የማስተምረው። ማንም ያላነሳው አንድ ነገር አለ። ቫው የመጨረሻ ዓመታቱን እንዴት አሳለፈ?

በዝናው ሊጠቀም ይችል ነበር። ትልቅ ኩባንያ የደኅንነት አማካሪ ሆኖ፣ ጥሩ ደሞዝ በልቶ። እሱ ግን በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን የና በምትባል ከተማ በአንድ የወጣቶች ማዕከል ውስጥ ልጆች ያስተምር ነበር። አሠራሩንም ሥነ ምግባሩንም አንድ ላይ። የክለቡ የክብር ፕሬዚዳንት የሆነ ሰው ከታዳጊዎች ጋር ወንበር ስቦ ይቀመጣል።

ይህ ለእኔ ከባንኩ ታሪክ ይበልጣል። ከተማሪዎቼ አንዱ ዓምና የትምህርት ቤቱን የውጤት መመዝገቢያ ከፍቶ ገባ። ምንም አልቀየረም። መጥቶ ነገረኝ። ቀዳዳውን ሳሳውቅ ሊያባርሩት ደረሱ። ሦስት ቀን ለምኜ ነው የቀረው። ያን ጊዜ ስለ ቫው ባውቅ ኖሮ የምለው አላጣም ነበር። አሁን ያ ልጅ ከትምህርት በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ታናናሾቹን ያስተምራል። መጀመሪያ የሚነግራቸው የሰው ዳታ ውስጥ ቆሻሻ እንዳይጥሉ ነው። ቃሉ የራሱ ነው። ከየት እንዳመጣው እንጃ። ክሩን አትሜ እሰጠዋለሁ፣ ሽቦ ቀጣይዋ ከፈቀድሽልኝ።

ሽቦ ቀጣይዋ

በደስታ! ስለጠየቅሽኝም አመሰግናለሁ። ያን ልጅ ባገኘው ደስ ይለኛል። ጋሼ የባንክ ሰው የጻፉትንም ጨምረሽ ስጪው፣ አደራ። ቁልፉ ከየት መጣ የሚለውን ጥያቄ ካሁኑ ይልመደው።

የማታ ተማሪ

እኔ ደግሞ ትናንት ከሥራ ወጥቼ የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ሄድኩ። የሽንት ቤት ጎማ በየዓይነቱ ገዛሁ። ሻጩ ምን ያህል ሽንት ቤት ነው የምትሠራው አለኝ። ስፒከርና ማይክሮፎን ከተበላሸ ጆሮ ማዳመጫ ፈታሁ። ፉጨቱን ከላፕቶፔ አውጥቼ በሌላ ላፕቶፕ መቀበል ችያለሁ፤ «ሰላም» የሚለውን ሦስት ፊደል ለመላክ እንኳ አራት ጊዜ ተበላሸብኝ። ጎረቤቴ ሙዚቃ ሲዘጋ ግን ደረሰ።

አሁን የቸገረኝ ስልኩ ነው። የዛሬ ስልክ ጠፍጣፋ ስለሆነ ጎማው አይዝም። ያ ሁለት ጫፉ ክብ የሆነ የድሮ ስልክ ያለው ሰው ካለ ልግዛው። ካልሆነም ለጥቂት ቀን ያውሰኝ።

የባንክ ሰው

እኔ ቤት አለ። ጥቁር ነው፣ ቁጥሩ በጣት የሚዞር። ጡረታ ስወጣ ከቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ አስፈቅጄ የወሰድኩት ነው፤ ደብዳቤው ፋይሌ ውስጥ አለ። አልሸጠውም፣ አውስሃለሁ። በውስጥ መስመር ጻፍልኝና አድራሻ ልስጥህ። ቅዳሜ ከሰዓት ና። ጎማዎቹን በሙሉ ይዘህ ና፣ አብረን እንለካቸዋለን።